አቦሉ ማን ጋር ነው? ዳግም የሚታተሙት የሮክ ሸክላዎችና የዋናው ክር ጉዳይ

ጁላይ 2022 ላይ በአሜሪካ አሪዞና ግዛት፣ ፊኒክስ ከተማ ውስጥ የሸክላ ሱቅ ያለው አንድ ነጋዴ ዩቲዩብ ላይ ወጥቶ አንድ ወሬ አፈነዳ። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ካልተጠቀሰ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) «ሞባይል ፊደሊቲ» የተባለው የታወቀ ኩባንያ፣ ደንበኞቹ በቀጥታ ከዋናው የቀረጻ ክር የተቀዱ ናቸው ብለው የሚገዟቸውን ሸክላዎች የሚያትመው በመካከል ዲጂታል ቅጂ አስገብቶ ነው አለ።

ለአብዛኛው ሰው ይህ ወሬ አይደለም። ዲጂታል ነካው አልነካው፣ ዘፈኑ ያው ዘፈን ነው። ለሸክላ ሰብሳቢዎች ግን ዱብ ዕዳ ነበር። ይህ ኩባንያ ከ1977 ጀምሮ የታወቁ አልበሞችን በጥንቃቄ መልሶ በማሳተም ስም ያተረፈ ነው። የፒንክ ፍሎይድን «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» በ1979 ጃፓን ውስጥ አሳትሞ ያወጣው ቅጂ እስከ ዛሬ ይፈለጋል። በሸክላዎቹ ሽፋን አናት ላይ ከዋናው ማስተር የተቀዳ መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ አለ። ሰዎች ለአንድ አልበም 100 ዶላርና ከዚያም በላይ የሚከፍሉት ያንን መስመር አምነው ነው።

ብዙም ሳይቆይ የኩባንያው መሐንዲሶች ራሳቸው ካሜራ ፊት ተቀምጠው ነገሩ እውነት መሆኑን አመኑ። ከ2011 ጀምሮ ዋናውን ክር በጣም ከፍተኛ ጥራት ወዳለው ዲጂታል ፋይል እየገለበጡ፣ ሸክላውን የሚቀርጹት ከፋይሉ ነበር። ጉዳዩ ዋሽንግተን ፖስት ላይ ወጣ፣ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ በመጨረሻም ወደ 25 ሚሊዮን ዶላር በሚገመት ስምምነት ተዘጋ።

የሚገርመው ሌላ ነው። በእነዚያ 11 ዓመታት ውስጥ በጆሮው ብቻ «ይሄ ዲጂታል ነው» ብሎ የለየ አልተገኘም። ዲጂታል ሲባል ፊታቸውን የሚያጠቁሩ፣ ለአንድ የማጫወቻ መርፌ የወር ደመወዝ የሚያወጡ ሰዎች እነዚያኑ ሸክላዎች ሲያወድሱ ከርመዋል። ታዲያ የተበላሸው ምንድን ነው? ድምፁ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ሰዎቹ የገዙት ድምፅ ብቻ አልነበረም፤ የዘር ሐረግም ገዝተዋል። ይህ ሸክላ ከማን ተወለደ፣ የወለደውስ ከማን ተወለደ፣ የሚለውን።

የዘር ሐረጉን ነገር በቡና ማስረዳት ይቀላል።

አንድ አልበም ስቱዲዮ ውስጥ ሲቀረጽ መጀመሪያ የሚሞላው ባለብዙ መስመር ክር ነው። ከበሮው በአንዱ መስመር፣ ጊታሩ በሌላው፣ ድምፃዊው ደግሞ በራሱ። ከዚያ መሐንዲሱ መስመሮቹን አመጣጥኖ፣ የቱ ይጉላ የቱ ይቅለል ብሎ ወስኖ፣ ሁሉንም ግራና ቀኝ ወደሆኑ ሁለት መስመሮች ያወርዳቸዋል። ማስተር የሚባለው ይህ ሁለተኛው ክር ነው። ከማስተሩ የሚመጣው ድምፅ ላከር በተቀባ የአሉሚኒየም ዝርግ ላይ በመርፌ ይቦረቦራል፤ ከዝርጉ የብረት ቅርጾች ይወጣሉ፤ በብረቶቹ መካከል ትኩስ ፕላስቲክ ይጨመቅና ሸክላ ይሆናል።

ማስተሩ አቦል ነው። ችግሩ አቦሉን ሁሉም አይጠጣም። በ1960ዎቹና 70ዎቹ አንድ የእንግሊዝ አልበም አሜሪካ ወይም ጃፓን ሲታተም አብዛኛውን ጊዜ የሚላከው ዋናው ክር ሳይሆን ግልባጩ ነው፤ ይኸውም ቶና። ከግልባጩ ደግሞ ሌላ ግልባጭ ይወጣል፤ በረካ። ክር በተገለበጠ ቁጥር ሽሽታው ይጨምራል፣ የጽናጽሉ ጥራት ይደበዝዛል። በረካ ጠጥቶ ያደገ ሰው ደግሞ ቡና ማለት ያ ይመስለዋል። ዛሬ በ50ና በ60 ዓመታቸው ያንኑ አልበም አምስተኛ ጊዜ የሚገዙ ሰዎች ፍለጋቸው ይኸው ነው። አቦሉን አንዴ መቅመስ።

ከሁሉም ሙዚቃ ይህ ጥማት የጠናው በፕሮግረሲቭ ሮክ አድማጮች ዘንድ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። ረጅሙ ሸክላ፣ በደቂቃ 33⅓ ጊዜ የሚዞረው፣ በ1948 በኮሎምቢያ ኩባንያ ለገበያ ቀረበ። ለሃያ ዓመት ያህል የአጫጭር ዘፈኖች ማጎሪያ ሆኖ አገለገለ። በ1960ዎቹ መጨረሻ የመጡት የእንግሊዝ ልጆች ግን ሸክላውን ራሱን እንደ አንድ ድርሰት ያዩት ጀመር። የስ በ1972 ያወጣው «ክሎዝ ቱ ዘ ኤጅ» ከ18 ደቂቃ በላይ በሆነ አንድ ዘፈን የመጀመሪያውን ገጽ ይሞላል። በዚያው ዓመት ጄትሮ ታል «ቲክ አዝ ኤ ብሪክ» ብሎ ያወጣው አልበም በሁለቱም ገጽ ላይ የተዘረጋ አንድ ዘፈን ብቻ ነው፤ ሽፋኑም እውነተኛ የሚመስል ባለ12 ገጽ የልብ ወለድ ጋዜጣ ነበር። ጀነሲስ በዚያው ዓመት ወደ 23 ደቂቃ የሚጠጋ ዘፈን ሠራ። 1972 ለአጭር ዘፈን ወዳጆች ክፉ ዓመት ነበር።

ይህ ምኞት ግን ከፕላስቲኩ ተፈጥሮ ጋር ይጋጫል። አንድ ገጽ ላይ ብዙ ደቂቃ ባጨቅህ ቁጥር ቦዮቹ ይጠባሉ፤ ቦዩ ሲጠብ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ግድ ነው፤ ድምፁ ሲቀንስ ደግሞ የአቧራው ጭርጭርታ ይጎላል። በዚያ ላይ መርፌው ወደ መሀል በተጠጋ ቁጥር ጥራቱ ይወርዳል። የእነዚህ ረጃጅም ዘፈኖች ታላቁ ማሳረጊያ የሚመጣው ደግሞ ልክ እዚያ፣ መጨረሻው ላይ ነው። ቶድ ረንድግረን በ1975 «ኢኒሺዬሽን» በተባለ አንድ ሸክላ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ሙዚቃ አጭቆ፣ መርፌህ ያረጀ ከሆነ ሸክላውን ያበላሸዋል፣ ድምፁ ካነሰህ ደግሞ ወደ ክር ገልብጠህ ስማው የሚል ማሳሰቢያ ለገዢው እስከ መጻፍ ደርሷል። ዕቃ ሸጦ «በዚህ አትጠቀሙበት» እንደማለት ነው።

ስለዚህ የዛሬው መልሶ ማተም በአንድ በኩል የድሮ ጥፋት ማረም ነው። የተሻለ ቆራጭ ማሽን አለ፣ አንዳንዱም አልበም በሁለት ሸክላ ተከፍሎ ቦዮቹ ሰፋ እንዲሉ ይደረጋል። ሰብሳቢው ግን እዚህ ጋር ያጉረመርማል። አንድ ወጥ የነበረው ዘፈን መሀል ላይ ተነሥቶ መገልበጥ ሊመጣ ነው።

ከዚያ የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ መጣ። ሸክላ የሚሠራበት ፕላስቲክ የነዳጅ ውጤት ነው። የጥቅምቱን የአረብና የእስራኤል ጦርነት ተከትሎ ነዳጅ ሲወደድና ሲጠፋ፣ ሸክላ አሳታሚዎች ጥሬ ዕቃ አጠራቸው። ሸክላው ሳሳ፣ አሮጌ ሸክላ እየቀለጠ ከአዲሱ ጋር ተቀላቀለ። ሙዚቃው ትልቅ ምኞት በነበረው ሰዓት ዕቃው ደከመ። (ያው ቀውስ አዲስ አበባ ላይ ሌላ መልክ ነበረው። የየካቲት 66ቱን የታክሲ ነጂዎች አድማ የቀሰቀሰው የነዳጅ ዋጋ ጭማሪ ነው፤ የተከተለውን ሁሉም ያውቀዋል።) የዛሬ ሻጮች «180 ግራም» እያሉ በሽፋን ላይ የሚለጥፉት የዚያን ዘመን ቁስል እየነካኩ ነው። ውፍረት በራሱ ድምፅ አያሳምርም። ከመጥፎ ግልባጭ የተቀዳ 180 ግራም ሸክላ ከባድ በረካ ነው፣ ሌላ አይደለም።

በ1970ዎቹ አጋማሽ የፓንክ ልጆች መጡ። ጆን ላይደን ሴክስ ፒስቶልስ ውስጥ ከመግባቱ በፊት «እጠላለሁ» የሚል ቃል ራሱ የጨመረበትን የፒንክ ፍሎይድ ቲሸርት ለብሶ ለንደን ውስጥ ይዞር እንደነበር የታወቀ ታሪክ ነው። ባለ23 ደቂቃው ዘፈን መሳቂያ ሆነ። በ1982 ሲዲ ሲመጣ ደግሞ ሰዎች ሸክላቸውን በካርቶን እያወጡ ሸጡ፣ ጣሉ። ኩባንያዎቹም በችኮላ ወደ ሲዲ ሲገለብጡ መደርደሪያ ላይ ቀድሞ እጃቸው የገባውን ክር ተጠቀሙ። አቦል ይሁን በረካ ማንም አልጠየቀም።

የኪንግ ክሪምዘን ታሪክ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ኪንግ ክሪምዘን የመጀመሪያ አልበሙን «ኢን ዘ ኮርት ኦፍ ዘ ክሪምዘን ኪንግ» ኦክቶበር 1969 አወጣ። ከሦስት ወር በፊት ሎንዶን ሃይድ ፓርክ ውስጥ ከሮሊንግ ስቶንስ ቀድሞ መድረክ ላይ ወጥቶ ብዙ ሕዝብ አስደንግጧል። የአልበሙ ሽፋን የሚጮህ ፊት ነው፤ አፍንጫው ተነፍቶ፣ ዓይኑ ወደ ጎን ፈጥጦ። ሥዕሉን የሠራው ባሪ ጎድበር የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊ ነበር። አልበሙ በወጣ በወራት ውስጥ በ24 ዓመቱ በልብ ሕመም ሞተ። ሌላ የአልበም ሽፋን አልሣለም።

የባንዱ ጊታሪስት ሮበርት ፍሪፕ ቆይቶ ያንን ዋና ሥዕል ከአስተዳዳሪው ኩባንያ ከኢጂ ቢሮ አስመልሶ ወሰደው። ምክንያቱን ሲናገር፣ ኃይለኛ ብርሃን ላይ አስቀምጠውት ሊያበላሹት ነበር ብሏል። ነገሩ የሥዕል ብቻ አልነበረም። ኢጂ የባንዱን ቅጂዎች መብት የያዘ ድርጅት ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሙዚቃ ክምችቱ ለቨርጂን ተላለፈ፤ ፍሪፕም ዓመታት የፈጀ፣ እስከ 1997 የዘለቀ የመብትና የገንዘብ ክርክር ውስጥ ገባ። አንድ ጊታሪስት ጊታሩን አስቀምጦ ከጠበቃ ጋር ደብዳቤ ሲጻጻፍ የባከነውን ጊዜ ማን ይከፍለዋል?

ፍሪፕ ክርክሩ ሳያልቅ በ1992 ከዴቪድ ሲንግልተን ጋር «ዲሲፕሊን ግሎባል ሞባይል» የሚባል የራሱን ድርጅት መሠረተ። የድርጅቱ ዋና ደንብ ለሙዚቃ ኢንዱስትሪው እንግዳ ነበር፤ የሥራው መብት የሙዚቀኛው ነው፣ ድርጅቱ አይወስደውም። ይህ ደንብ በየአልበሙ ላይ ታትሞ ይወጣል።

መብቱ እጁ ሲገባ ምን ሆነ? ክሩን መፈለግ ተጀመረ። የመጀመሪያው አልበም ዋናው ማስተር ለብዙ ዓመታት የት እንዳለ አይታወቅም ነበር፤ የሲዲ ቅጂዎቹም የተሠሩት ከግልባጭ ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከመጋዘን ተገኘና በ2004 ከእሱ የተቀዳ እትም ወጣ። ቀጥሎ በ2009 የፖርኪዩፓይን ትሪው ስቲቨን ዊልሰን ከፍሪፕ ጋር ሆኖ ከዚያም ወደ ኋላ ሄደ፤ ወደ ባለብዙ መስመሩ ክር።

እዚህ ላይ ሁለት ቃላት መለየት አለባቸው፣ ሱቅ ውስጥ ሆን ተብሎ ስለሚምታቱ። ሪማስተር ማለት የተጠናቀቀውን ማስተር ወስዶ ማጽዳትና ድምፁን ማስተካከል ነው፤ የፈላውን ቡና አጣርቶ እንደመቅዳት። ሪሚክስ ግን ወደ ተለያዩት መስመሮች ተመልሶ ከበሮውን፣ ጊታሩን፣ ድምፁን እንደገና ማመጣጠን ነው፤ ቡናውን እንደገና ማፍላት። ሁለተኛው የበለጠ ኃላፊነት አለበት፤ የመጀመሪያውን መሐንዲስ ውሳኔ ሽሮ አዲስ ስለሚወስን። ዊልሰን የተወደደው ባለመድፈሩ ነው። የድሮውን ሚዛን እየሰማ፣ ከሱ ብዙ ሳይርቅ፣ መጋረጃውን ብቻ ይገልጣል። ከኪንግ ክሪምዘን በኋላ የጄትሮ ታልን «አኳላንግ»፣ የየስን «ክሎዝ ቱ ዘ ኤጅ» እና ሌሎችንም ሠርቷል። ሁሉም አይስማማበትም። የዱሮው ጭጋግ ራሱ የሙዚቃው አካል ነበር የሚሉ አሉ፤ መብታቸው ነው፣ አሮጌው ሚክስም ገበያ ላይ አለ።

ልብ በሉ፣ የዊልሰን ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዲጂታል ነው። ክሩ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል፣ እዚያ ይመጣጠናል፣ ከዚያ በ200 ግራም ሸክላ ታትሞ ይወጣል። ሰብሳቢዎች ይህን እያወቁ፣ እየተነገራቸው፣ ደስ ብሏቸው ገዙት። የሞባይል ፊደሊቲ ጥፋት ዲጂታል መጠቀሙ እንዳልነበር ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም። ጥፋቱ የዘር ሐረጉን መደበቁ ነው።

ታዲያ ክሩ ሙዚቀኛው እጅ ከገባ ሁሉም ያምራል ማለት ነው? የፒንክ ፍሎይድ ነገር ይህን መልስ ያወሳስበዋል። በ1977 የወጣው «አኒማልስ» በጀምስ ጋትሪ እንደገና ተመጣጥኖ በ2018 አለቀ። ሁሉ ዝግጁ ነበር። ግን እስከ ሴፕቴምበር 2022 አልወጣም። ሮጀር ዋተርስ በ2021 ምክንያቱን ይፋ አደረገው፤ ከአልበሙ ጋር ሊታተም የተዘጋጀውን ማብራሪያ ጽሑፍ ዴቪድ ጊልሞር አልቀበልም ብሏል። ጽሑፉ ማን ምን እንደጻፈ የሚተርክ ነበር። ዋተርስ ጽሑፉን በራሱ ድረ ገጽ ለጠፈው፣ ሸክላው ደግሞ ያለ ጽሑፍ ወጣ። ሁለት በሰባዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ሰዎች፣ ከ40 ዓመት በፊት ስለተሠራ ሥራ፣ በሽፋን ላይ በሚቀመጥ ወረቀት ምክንያት ሰውን አራት ዓመት አስጠበቁ። ቂም እንደ ክር አይደለም፤ በተገለበጠ ቁጥር አይደበዝዝም።

በኦክቶበር 2024 ፒንክ ፍሎይድ የቅጂዎቹን መብት ለሶኒ ሸጠ፤ ዋጋው ወደ 400 ሚሊዮን ዶላር እንደሆነ ተዘግቧል። ከሁለት ዓመት በፊት ፊል ኮሊንስ፣ ቶኒ ባንክስና ማይክ ራዘርፎርድ የጀነሲስ ድርሻቸውን ኮንኮርድ ለተባለ ኩባንያ በ300 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሸጠዋል። በአውሮፓ የቀረጻ መብት ጥበቃ ከ50 ወደ 70 ዓመት ከፍ ካለ ወዲህ፣ የ1970ዎቹ ክር ገና ብዙ የሚታለብ ላም ነው። «ዳርክ ሳይድ» በ1973ና 1988 መካከል ብቻ የቢልቦርድ ሰንጠረዥ ላይ 741 ሳምንት ቆይቷል። ይህን የገዛ ኩባንያ በየአሥር ዓመቱ ሣጥኑን ቀይሮ እንደሚያወጣው ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ኩባንያ ክር ጠባቂ ሆኖ ያለው መዝገብ ደግሞ የሚያኮራ አይደለም። ጁን 1 ቀን 2008 በሆሊውድ የዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ግቢ ውስጥ የተነሣው እሳት የሙዚቃ ክር ማከማቻውንም በላ። ሕዝቡ የጉዳቱን መጠን የሰማው ከ11 ዓመት በኋላ፣ ኒው ዮርክ ታይምስ መጽሔት የኩባንያውን የውስጥ ሰነዶች ይዞ ሲወጣ ነው። ሰነዶቹ ከ118,000 እስከ 175,000 የሚደርሱ ቅጂዎች ጠፍተዋል ይላሉ። ኩባንያው ተጋንኗል ብሎ ተከራከረ። ሙዚቀኞቹ ግን ክራቸው ይኑር አይኑር ከጋዜጣ ነው የጠየቁት። በፌብሩዋሪ 2020 ደግሞ ካሊፎርኒያ፣ ባኒንግ ከተማ የሚገኘው አፖሎ ማስተርስ ተቃጠለ፤ ሸክላ የሚቦረቦርበትን የላከር ዝርግ ከሚሠሩት በዓለም ላይ ከነበሩ ሁለት ፋብሪካዎች አንዱ። የቀረው ጃፓን ውስጥ ነው። ትንሣኤ የተባለው ገበያ የቆመው በዚህን ያህል ቀጭን እግር ላይ ነው።

ገበያው ግን አድጓል። አሜሪካ ውስጥ በ2022 ወደ 41 ሚሊዮን ሸክላ ሲሸጥ ሲዲ 33 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ ሸክላ በቁጥር ሲዲን ሲበልጥ ከ1987 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። የቼክ ሪፐብሊኩ ጂዜድ ሚዲያ፣ በ1951 የተጀመረና ሁሉም ሸክላን ሲቀብር አሮጌ ማሽኖቹን ያልጣለ ፋብሪካ፣ ዛሬ ከዓለም ትልልቆቹ አንዱ ነው። በሌላ በኩል ሉሚኔት የተባለው የመረጃ ኩባንያ በ2023 ባወጣው ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ ሸክላ ከሚገዙት ሰዎች ማጫወቻ ያላቸው ግማሹ ብቻ ናቸው። ስለ አቦልና በረካ ይህ ሁሉ ክርክር እየተካሄደ፣ የገዢው እኩሌታ ቡናውን አይጠጣም፤ ጀበናውን መደርደሪያ ላይ አድርጎ ያየዋል።

እስካሁን የተወራው ስለ ባለጸጎች ክር ነው። ፍሪፕ ጠበቃ ነበረው፣ ፒንክ ፍሎይድ ገዢ አለው። ሁለቱም በሌለበት አገር የተቀረጸ ሙዚቃስ?

ኪንግ ክሪምዘን የመጀመሪያ አልበሙን ባወጣበት በዚያው በ1969፣ አዲስ አበባ ላይ አቶ አምሃ እሸቴ የሚባሉ በሃያዎቹ ዕድሜ የነበሩ ባለ ሙዚቃ ሱቅ አንድ ሕግ ጣሱ። ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። አቶ አምሃ ዓለማየሁ እሸቴን ቀርጸው፣ አገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ ወደ ውጭ ልከው፣ አሳትመው መጡ። እስከ 1975 ድረስ አምሃ ሪከርድስ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎችና ወደ 12 የሚጠጉ ረጃጅም አልበሞች አወጣ። ከዚያ አብዮት፣ ሰዓት እላፊ፣ ስደት። ሸክላውን ካሴት ተካው።

እነዚያ ድምፆች እንደገና የወጡት በ1997 ነው፤ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ቡዳ ሙዚክ በተባለ የፓሪስ አሳታሚ በኩል «ኢትዮፒክስ» የሚለውን ተከታታይ ሲጀምር። አቶ አምሃም ፈቃደኛ ነበሩ። የሙላቱ አስታጥቄን ሥራ የያዘው አራተኛው ክፍል በ2005 በጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ሲሰማ ዓለም ጆሮውን አቀና። «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለው የ1972 አልበም በ2017 ለንደን ካለው ስትረት ሪከርድስ በሦስት ሸክላ፣ ያልተሰሙ ቅጂዎች ተጨምረውበት ወጣ። የፕሮግረሲቭ ሮክ ሰብሳቢዎች ከሚወዱት ዓይነት ሣጥን ጋር ሲነጻጸር ምንም አያንሰውም። በኢትዮጵያ ባንክ ቤት በኩል ለማዘዝ መሞከር ግን ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ለዚህ ትንሣኤ ፋልሴቶን ማመስገን ተገቢ ነው። ግን መጠየቅም ተገቢ ነው። በዚያ ዘመን ከተቀረጹት ውስጥ ስንቱ ዋና ክር የት ነው? ማን ጋር ነው? በምን ሙቀት፣ በምን እርጥበት? ለብዙ ድምፃውያን የራሳቸው ቀረጻ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ አይታለብ፣ አይታይ። አቶ አምሃ በ2021 አርፈዋል። ከእሳቸው ዘመን ሰዎች ጋር አብሮ የሚሄደው የትኛው ሣጥን የት እንደተቀመጠ የሚያውቀው ትዝታ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ሪማስተር የለውም።

የኃይሉ መርጊያን ታሪክ ደግሞ ተመልከቱ። የዋልያስ ባንድ ኪቦርዲስት የነበሩት አቶ ኃይሉ በ1980ዎቹ አሜሪካ ቀርተው፣ አኮርዲዮንና ሲንተሳይዘር ብቻቸውን ተጫውተው አንድ ካሴት አወጡ። ከብዙ ዓመት በኋላ ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ባሕር ዳር ውስጥ ከካሴት ክምር መሀል ያንን አገኘው። እጁ የገባው ዋናው ክር አይደለም፤ ገበያ ላይ የዋለ ካሴት ነው። ግን ከማተሙ በፊት ባለቤቱን ፈልጎ ስልክ ደወለ። የሺምኮቪትዝ ድርጅት ከሙዚቀኞቹ ጋር የሚዋዋለው ትርፉን እኩል በመካፈል ነው። አልበሙ በ2013 በሸክላ ጭምር ወጣ፤ አቶ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሱ።

ስልኩ ሲደወል አቶ ኃይሉ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዱ ነበር። ኪቦርዳቸው መኪናው ኮፈን ውስጥ ነበር፤ ዳለስ አየር ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቁ አውጥተው ይለማመዱበት ነበር።